በዚህ ቤት የሚኖሩ መራጮች

እናቴ የወንድሜን ሸሚዞች ማጠብ ስትጀምር ምርጫ መቃረቡን አውቃለሁ። ሬዲዮ መስማት አያስፈልገኝም። ማንም ያልለበሰውን ንጹሕ ሸሚዝ ከቁም ሣጥን አውጥታ ትዘፈዝፋለች፣ ትጨምቃለች፣ ከመንገድ በሚታየው ገመድ ላይ ታሰጣለች። ቀጥላ ጫማውን ደጃፉ ላይ ታኖርና ትናንት የተራመደበት እንዲመስል ሶሉን ትንሽ ጭቃ ትቀባዋለች። ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ሆና ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ቆሻሻ ስታስለቅቅ ኖራ አሁን ጭቃ ትቀባለች። አንድ ጊዜ ስቄባት ነበር። ያየችኝን አስተያየት ካየሁ በኋላ ግን ሁለተኛ አልደገመኝም።

ይህ ሁሉ ሽር ጉድ ለአጣሪዎቹ ነው። አጣሪ የምንላቸው ምርጫ ሲቃረብ የመራጮችን መዝገብ ይዘው ቤት ለቤት የሚዞሩትን ነው። በር ያንኳኩና "በዚህ ቤት የሚኖሩ መራጮች እነማን ናቸው?" ብለው ይጠይቃሉ። የሞተውን ይሰርዛሉ፣ ቤት የለቀቀውን ወደሄደበት ያዛውራሉ፣ የት እንደገባ የማይታወቀውንም ይሰርዛሉ። በእኛ ቤት ሦስት ሰው ተመዝግቧል፦ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ። እናታችን በስማችን ጠርታን አታውቅም፤ እሱ ትልቁ ነው፣ እኔ ትንሹ ነኝ። አሁን ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ የጭነት መኪና ጎማ ስፈታና ስገጥም የምውል ጎሚስታ ነኝ፣ ግን ትንሹ ነኝ። ምን ይደረግ!

ትልቁ ከሄደ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ ሩቅ ከተማ የተሻለ ሥራ አግኝቻለሁ ብሎ ወጣ፣ ከዚያ ወዲያ የበላው ጅብ አልጮኸም። ያልፈለግንበት የለም። ፖሊስ ጣቢያው፣ ሆስፒታሉ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያው፣ ሁሉም ጋ ሄጃለሁ። ቀጥሮታል ያልነው ድርጅት ጭራሽ አላውቀውም አለ። እናቴ ስለሄደበት ጠዋት አንዲት ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ሰው ሲጠይቃት "ትልቁ ሥራ ላይ ነው" ትላለች፣ አለቀ። አልቅሳም አታውቅም። ለምን ታለቅሳለች? ልጇ ሥራ ላይ ነዋ!

ሌላው ሁሉ ትቶታል። ባንኩ ሒሳቡን ዘጋው። ስልክ ቁጥሩን ለሌላ ሰው ሰጡት፤ እናቴ ስትደውል አንዲት ልጅ "ማን ልበል?" አለቻት። ጓደኞቹ አግብተው ወለዱና እኛ ቤት መምጣት አቆሙ። የቀረው የመራጮች መዝገብ ብቻ ነው። በየምርጫው እንደ አዲስ ይታተምና ሕዝብ እንዲያየው ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እናቴ የተለጠፈ ዕለት ማልዳ ሄዳ መነጽሯን ታደርግና በጣቷ እየወረደች ስሙን ታገኘዋለች። "አየህ፣ አለ" ትለኛለች ስትመለስ። "መንግሥት ለሞተ ሰው ወረቀት አያባክንም።" አንድም ቀን ግን "ያንተም ስም አለ" ብላኝ አታውቅም። ይህ ያናድደኛል፤ ልዋሽ አልችልም፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ለአጣሪዎቹ የምትሰጠው ምክንያት ደግሞ አያልቅባትም። አንዴ የሌሊት ተረኛ ነው፣ አንዴ መድኃኒት ቤት ደርሶ ይመጣል፣ አንዴ ጸጉሩን ሊስተካከል ወጣ። የቀድሞዎቹ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሻያቸውን ጠጥተው፣ ገመዱ ላይ ያለውን ሸሚዝ አይተው፣ "እሺ እናታችን፣ ሰላም በሉልን" ብለው ይሄዱ ነበር። የዘንድሮዋ አጣሪ ግን ወጣት ናት፣ ወረቀት እንኳን አልያዘችም፣ ሁሉም ነገሯ ታብሌት ላይ ነው። እናቴ "ተኝቷል" አለቻት። ልጅቷ "ችግር የለም፣ እጠብቀዋለሁ" ብላ ቁጭ! ሻይ ቀረበላት፣ ጠጣች። ሁለተኛ ቀረበላት፣ እሱንም ጠጣች። እናቴ "እንቅልፉ ከባድ ነው፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው" አለች። ልጅቷም ተነሥታ "እንግዲያው ቆሜ አይቼው ልሂድ" ብላ የመኝታውን መጋረጃ ገለጥ አደረገችው። የተነጠፈ አልጋ ነው፤ አንሶላው ላይ አንድ መጨማደድ የለም። እናቴን ያጠፋት ሙያዋ ነው፤ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ኖራ የተኛበት አልጋ ማስመሰል አልቻለችም። ልጅቷ ታብሌቷን ነካ ነካ አድርጋ ወጣች።

ሳምንት ሳይሞላ የሚሰረዙ ሰዎች ስም ዝርዝር ተለጠፈ። በሁለት ምርጫ ድምፅ ያልሰጠ፣ ቤቱም ሲታይ ያልተገኘ ይሰረዛል ይላል ማስታወቂያው። ተቃውሞ ያለው ሰው እስከ ዓርብ ድረስ ራሱ በአካል መቅረብ አለበት።

እናቴ እኔ የምሠራበት መጥታ አታውቅም፤ የጎማ ሽታ ራሷን ያዞራታል። የዚያን ቀን ግን ከመኪናው ሥር ብቅ ስል ቆማ አየኋት። ምርጫ ቢሮው ሄዳ ለምና፣ እሱ ካልመጣ አይሆንም ብለዋት ነው የመጣችው።

"አንተ ትሄዳለህ" አለችኝ።

"እሄዳለሁ፤ ሄጄ ምን ልበል?"

"እሱ ነኝ በል። የመራጭ ካርዱ ሣጥን ውስጥ አለ። ፎቶውም ያረጀ ነው።"

መፍቻው ከእጄ ወደቀ። "እማዬ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ይኼ እኮ ያሳስራል!"

"ማን ያስርሃል? ትመስለዋለህ።"

አሁን ትመስለዋለህ አለችኝ! ዕድሜዬን ሙሉ "የወንድምህን ጥፍር አታህልም" ስትለኝ የኖረች ሴት፣ ዛሬ ስትፈልገኝ ተመሳሰልን። ደሜ ፈላ። ደንበኛው እየሰማ፣ ባልደረቦቼ እየሰሙ ጮህኩባት። ሰውየው የለም አልኳት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የለም፣ አልጋውን ስታነጥፊ የለም፣ ሸሚዙን ስታጥቢ የለም፣ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ቤት ኪራዩም፣ መድኃኒትሽም፣ የሚያፈሰው ጣሪያም የኔ ነው አልኳት። እስክጨርስ ቆማ ሰማችኝ። ከዚያ "ዓርብ ነው የሚያበቃው" ብላኝ ሄደች።

ከዚያ በኋላ እህል አቀርብላታለሁ፣ "ቆይ እበላለሁ" ትላለች፣ አትበላም። አኩርፋ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ኩርፊያዋን አውቀዋለሁ፣ በሣህን ማንኳኳት ነው የሚጀምረው። ይህ ግን ሌላ ነገር ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩን ታያለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ስልክ ደወለልኝ፤ የብስክሌቱን ጎማ ስለምሠራለት ያውቀኛል። "ኧረ ናና እናትህን ውሰድልኝ" አለኝ። በሩጫ ደረስኩ። እናቴ ግድግዳው ሥር ቆማ የሚሰረዙት ዝርዝር ላይ ያለውን የወንድሜን ስም በጥፍሯ ትፍቃለች። ወረቀቱ አልቆ ሲሚንቶው ወጥቷል፣ እሷ ግን አሁንም ትፍቃለች። ጥፍሯ ደምቷል። ተማሪዎች ከበዋት ይስቃሉ። ጥበቃው ክንዷን ይዞ "ይበቃል እናቴ፣ ጠፍቷል፣ አይነበብም እኮ" ይላታል። እሷ "ሌላ ቦታ ጽፈውታል፣ ቢሮ ውስጥም ጽፈውታል" ትለዋለች። ተማሪዎቹን ሰድቤ በተንኳቸው፣ እጇን በመሐረቤ ጠቀለልኩላትና "እሺ፣ ነገ እንሄዳለን" አልኳት። ምን ቆርጦኝ እንቢ እላለሁ?

ዓርብ ጠዋት ከወንድሜ ሸሚዞች አንዱን ለበስኩ። አንገቱ አልዘጋልኝም፤ እናቴ ቁልፉን አንቀሳቅሳ ሰፋችው። እጄን በናፍጣ፣ በሳሙና፣ በብሩሽ ፈተግኩት፤ የጎማ ጥቁረት እንደሆነ ከጥፍር ሥር አይወጣም። "ኪስህ ውስጥ አድርገው" አለችኝ። በመንገድ ላይ የልደቱን ቀን፣ የተማረበትን ትምህርት ቤት፣ መጨረሻ የመረጠበትን ጣቢያ አስጠናችኝ። ሕፃን ልጅ ፈተና እንደምታስጠና አድርጋ ነው፤ ስሳሳት ትቆጣለች፣ ስመልስ "ጎበዝ" ትለኛለች። በልጅነቴ እንኳን እንዲህ አስጠንታኝ አታውቅም።

ቢሮው ጠባብ ነው። ኮሪደሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ተራው ረዥም ነው፣ ግማሹ "ሳልሞት ገደላችሁኝ" እያለ ይጮኻል፣ ግማሹ የሞተ አባቱን ለማሰረዝ መጥቶ ያዛጋል። መዝጋቢዋ ጡረታ የደረሰች ሴት ናት፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል፣ ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው። ካርዱን ተቀበለች። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች።

"ከሲታ ነበርክ ያኔ" አለችኝ።

"እኔ እንጃ፣ ሥራው ነው ያወፈረኝ" አልኳት።

"ሁለት ምርጫ ምነው ቀረህ?"

እናቴ ቀደመችኝ። "ሥራ ላይ ነው፤ ዕረፍት የሚባል አያውቅም።"

መዝጋቢዋ ኮምፒውተሩን አየችና ፈገግ አለች። "አዎ፣ እዚህም ተጽፏል። የሌሊት ተረኛ። መድኃኒት ቤት። ጸጉር ቤት። ተኝቷል።" ከዚያ ፈገግታዋን ትታ ወረቀት መሙላት ጀመረች። የልደት ቀን ጠየቀችኝ፣ መለስኩ። ጣቢያውን ጠየቀችኝ፣ መለስኩ። እናቴ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ጨመቅ አደረገችኝ። ተሳካልን ብዬ ነበር።

"አንድ ነገር ቀርቷል" አለች መዝጋቢዋ። "አንድ ሰው ለመቃወም ሲቀርብ የቤቱን ሰው በሙሉ እናጣራለን፣ ደንቡ ነው። እዚህ ቤት ሌላ ወንድ ልጅ ተመዝግቧል፤ ታናሽ። እሱም ዘንድሮ ካርዱን አላደሰም። ካለ ዛሬውኑ ይምጣና ያሳድስ፤ ከሌለ እሱንም ልሰርዘው ነው። አለ?"

ይህንን አላሰብንበትም ነበር። ካርዴን ሳላድስ የቀረሁት በስንፍና ነው፤ የማን ምርጫ ትዝ ብሎኝ! ካለ ብንላት ይምጣ ልትል ነው፤ የሚመጣው ደግሞ ይኸው ፊት ነው። እናቴን አየኋት። እሷ አላየችኝም።

"ሄዷል" አለች።

"ወዴት ሄደ እናቴ?"

"አላውቅም። ሄደ፤ አይደውልም።" እዚያ ላይ ይበቃ ነበር፤ መዝጋቢዋ ብዕሯን አንሥታለች። እናቴ ግን ቀጠለች። "ጠዋት ነበር። ሻይና ዳቦ አቀረብኩለት። ሻዩን ጠጣ፣ ዳቦውን ተወው፤ 'መንገድ ላይ ይከብደኛል' አለኝ። የሻንጣው ዚፕ ተበላሽቶ ነበር፣ በገመድ አሰርኩለት። አዲስ ልግዛልህ ስለው 'ተይ፣ ስደርስ እገዛለሁ' አለ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ዞር ይላል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልዞረም። ብጠራው ይመለስ ነበር። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት አልሆነም፣ ጎረቤት ይሰማል ብዬ አፈርኩ። አፈርኩ ልጄ! ጎረቤት ምን ይለኛል ብዬ ልጄን ሳልጠራው ቀረሁ።"

ከዚያ አለቀሰች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያላለቀሰችው እናቴ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚህ ሁሉ አንዱንም ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዳቦውንም፣ ዚፑንም፣ መታጠፊያውንም። የምታለቅሰው ለእሱ ነው፤ የሚጻፈው ግን የኔ ስም ነው። እኔ ደግሞ በእሱ ሸሚዝ ተወጥሬ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ደብቄ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ስለራሴ መጥፋት እሰማለሁ።

የመዝጋቢዋም ዓይን እንባ አቀረረ። "አይዞዎት" አለች። "ለስረዛው የቤተሰብ ፊርማ ያስፈልገኛል። እዚህ ጋ።"

እናቴ እንባዋን በእጇ መዳፍ ጠረገችና ብዕሩን ተቀበለች። ስሜ ከላይ በትልቁ ተጽፏል፣ ከነአባቴ ከነአያቴ። አንድ ጊዜ ታቅማማለች ብዬ ጠበቅኩ። ቢያንስ አንድ ጊዜ ዞር ብላ ታየኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች፣ ፈረመች፣ ብዕሩን መለሰች። ለትልቁ ጥፍሯ እስኪደማ ግድግዳ የፋቀች ሴት፣ ለኔ ዕቃ እንደምትረከብ ሰው ነው የፈረመችው።

ንዴት አይደለም የተሰማኝ፤ ንዴት ቢሆን ለምጄዋለሁ። ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ የሌለሁ መሰለኝ።

"አለሁ!" ብዬ ጮህኩ። "አለሁ እኮ! እማዬ፣ ይኸው አጠገብሽ ነኝ፣ የት ሄድኩብሽ!"

ኮሪደሩ ላይ ያለው ጫጫታ ቆመ። እጄን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም። መዝጋቢዋ ጥቁር ጥፍሮቼን አየች፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ከስሜ ጎን የተጻፈውን ሥራ አየች። አልደነገጠችም። ተነሥታ በሩን ዘጋችው።

"ይህንን በሕጉ ብይዘው" አለች ቀስ ብላ፣ "ሁለታችሁም ዛሬ ቤታችሁ አታድሩም። ስለዚህ አልሰማሁም።" እናቴ የፈረመችበትን ወረቀት ቀደደችው። "ያንተን አድሼልሃለሁ። ትልቁን ግን ልተወው አልችልም እናቴ። ከዚህ በኋላማ በጭራሽ አልችልም።"

እናቴ ከወንበሩ ወርዳ እግሯ ሥር ወደቀች። "ልጄ፣ እግርሽን ልሳም፣ እኔን ግደይኝ፣ እሱን ተይልኝ!" ሁለታችን ግራና ቀኝ ይዘን አነሣናት። መዝጋቢዋ ውኃ ቀዳችላት።

"ከመዝገብ መሰረዝ እኮ መሞት አይደለም" አለቻት። "ሲመጣ በአንድ ቀን እመዘግበዋለሁ። እኔ ራሴ።"

"ሲመጣ ትያለሽ" አለች እናቴ። "ይመጣል ብለሽ ብታምኚ አትሰርዢውም ነበር።"

መዝጋቢዋ መነጽሯን አደረገች፣ ቁልፎቹን ነካ ነካ አደረገች፣ አበቃ። እንደዚያ ነው የሆነው፤ ድምፅም የለውም። ወንድሜን በገዛ አፌ አሰረዝኩት። ዝም ብል ኖሮ እሱ ይኖር ነበር፤ እኔ ብሰረዝ ምን እሆን ነበር? ማታ ቤቴ ገብቼ እራቴን እበላ ነበር። ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ዛሬም ቢሆን የምችል አይመስለኝም።

እናቴ ውኃውን ጠጥታ ብርጭቆውን በጥንቃቄ አስቀመጠች።

"ያልሞተ ሰው፣ ቤቱንም ያልለቀቀ ሰው፣ ሰርዙኝ ቢል ትሰርዛላችሁ?" አለች።

"በራሱ ፈቃድ ከሆነ፣ አዎ" አለች መዝጋቢዋ። "ግን ለምን ብለው ነው እናቴ?"

"እኔን ሰርዢኝ። ልጄ የሌለበት ወረቀት ላይ ምን እሠራለሁ?"

"እማዬ" አልኳት፣ "እኔ አለሁበት እኮ። እኔም ልጅሽ ነኝ።"

ዞር ብላ አየችኝ። ያን ያህል ረዥም ጊዜ አይታኝ አታውቅም። የተወጠረብኝን የሸሚዙን ቁልፍ በደማው ጣቷ ፈታችልኝና "ተንፍስ" አለችኝ። ከዚያ "አንተን ቀን በቀን አይሃለሁ፤ አንተን ለማየት ወረቀት አያስፈልገኝም" አለች። ደስ ይበለኝ ይከፋኝ አላወቅኩም፤ ሁለቱም መሰለኝ።

መዝጋቢዋ ወረቀቱን ሳትወድ አቀረበችላት። እናቴ ብዕሩን አንሥታ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው፣ መጻፍ ግን አቃታት። አንድ ጊዜ ሞከረች፣ ሁለተኛ ሞከረች። "ያዝልኝ" አለችኝ። እንቢ ልላት ፈለግኩ። እጇን በእጄ ይዤ አብረን ፈረምን።